ጠበል የነካው ማሽን

ግንቦት 13

ይህን የምጽፈው በተበላሹ ወረቀቶች ጀርባ ላይ ነው። በሱቃችን ሲታተም የተጣመመ ወይም ቀለም የፈሰሰበት ወረቀት አይጣልም። አክስቴ እጅጋየሁ ሰብስባ ትጠርዘውና ለመሞነጫጨሪያ ይሆናል ትላለች። አንዱን ለእኔ ሰጠችኝ። በፊት ለፊቱ የማላውቀው ተማሪ ስለ ገብስ በሽታ የጻፈው አለ፤ ጀርባው የእኔ ነው።

ከድብ ባሕር ወደ ጎንደር የመጣሁት ትምህርት ቤታችን ከተዘጋ በኋላ ነው። ስድስተኛን ጨርሼ ነበር። አክስቴ የአባቴ እኅት ናት፤ ልጅ የላትም። ከዩኒቨርሲቲው በር ዝቅ ብሎ ኮፒና ፕሪንት ቤት አላት። እኔ ከኋላ ሆኜ ወረቀት እሞላለሁ፣ የታተመውን እደረድራለሁ፣ እጠርዛለሁ። ከደንበኛ ጋር የምታወራው እሷ ናት። ይህ ለእኔ ተስማሚ ነው።

ትናንት ሚካኤል ነበር። የአክስቴ የንስሐ አባት፣ አባ ወልደኢየሱስ፣ እንደየዓመቱ ሱቁን ሊባርኩ መጡ። ጸሎት አድርሰው በሩን፣ ግድግዳውን፣ እኛን ጠበል ረጩ። ከዚያ ትልቁ ማሽን ጋ ደረሱ። የሱቁ ጉልበት እሱ ነው። አክስቴ በብድር የገዛችው ነው፤ አበዳሪዎቹም ኢንሹራንስ ካልገባለት አንሰጥም ብለው አስገብተዋታል። አባ ከላይ ረጨት አድርገው ሊያልፉ ሲሉ አክስቴ ክዳኑን ብድግ አድርጋ፣ "አባ፣ ሆዱም ይድረሰው" አለች።

አባ የለመናቸውን ሰው አያሳፍሩም። በእፍኛቸው ሞልተው አፈሰሱበት።

ማሽኑ ሥራ ላይ ነበር። ሲጥ ብሎ ረጅም ጩኸት ጮኸ፣ ከዚያ የማሽኑ መብራት ሁሉ ጠፋ። አባ ጆሯቸው ከበድ ስለሚል አልሰሙም። መርቀውን፣ መስቀላቸውን አሳልመውን ሄዱ። አክስቴ ጥጉን እስኪዞሩ ድረስ ፈገግ እንዳለች ቆየች። ከዚያ ወንበር ላይ ዘጭ አለች።

ክዳኑን ስታነሣ "ይቅር" ልላት ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ። እኔ ሁልጊዜ እንዲህ ነኝ።

ግንቦት 14

ፀሐይ ላይ አወጣነው። አራገብነው። በጨርቅ ጠረግሁት። አይበራም። ሰው በር ላይ ተሰልፏል፤ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያሳትሙበት ሰሞን ነው። አክስቴ ለሁሉም "ነገ ኑ" አለች።

ግንቦት 16

ነገ የተባሉት መጥተው ሄዱ። አንዱ ልጅ ፍላሹን ከእጄ ሲቀበለኝ እንኳ ቀና ብዬ አላየሁትም፤ ማሽኑን የሰበርሽው አንቺ ነሽ የሚለኝ መሰለኝ።

ጎረቤታችን አያ የሻው ልብስ ሰፊ ነው። "አያ" ስለው ከተሜዎቹ ይስቁብኛል፤ እሱ ግን ደስ ይለዋል። ዛሬ ከስፌት መኪናው ላይ ሳይነሣ አክስቴን፣ "እጅጋየሁ፣ ማሽንሽ ጮኾ ለቀቀ አሉ። ስሙንስ ተናገረ? የት እንደያዘው ጠየቃችሁት?" አላት።

"አንተ ሰውዬ፣ መርፌህን ጠብቅ" አለችው።

"እኔማ ለሱ አይደለም የምፈራ። ከሱ ወጥቶ ወደ እኔ መኪና ቢገባሳ?"

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም በሆዴ ሳቅሁ። ግን ቀልዱ በየሱቁ ዞረ፤ ማታ ጉልት ላይ ሽንኩርት ስገዛ አንዲት ሴትዮ የምሯን፣ "ጠበል የሚያስጮኸው ያለ ነገር አይደለም፤ ያንን ማሽን ከቤት ታውጣው" ስትል ሰማሁ። የዚያ ቤት ልጅ መሆኔን አላወቀችም፣ ወይም አውቃለች።

ቤት ስገባ አክስቴ ጠበቀችኝ። "ማንም ቢጠይቅሽ መብራት ነው በይ" አለችኝ። በዚያ ቀን መብራት ሲመጣ ሲሄድ ነበር፤ እሱ እውነት ነው። ምነው ብዬ አልጠየቅሁም። እሷ ግን ነገረችኝ። ጠበል ዕቃ አበላሸ ብላ ወረቀት ላይ አትፈርምም። የአባንም ስም ኢንሹራንስ ቢሮ አታስገባም። እኒህ ሽማግሌ ባሏ ሲሞት እጇን ይዘው ያቆሟት ሰው ናቸው።

ግንቦት 19

ፒያሳ ወደ ኢንሹራንሱ ቢሮ አብሬያት ሄድሁ። ቅጹን ስትሞላ አጠገቧ ተቀመጥሁ። "የጉዳቱ ምክንያት" የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ትንሽ ቆመ። ከዚያ መብራት ብላ ጻፈች። ጽሑፏ ቆንጆ ነው፤ እሱን ብቻ ሳይ ውዬ መጣሁ።

ግንቦት 26

ዛሬ የኢንሹራንሱ ሰው መጣ። አቶ ፋንታሁን ይባላል፤ ዝግ ያለ፣ የማይቆጣ ሰው ነው። ባለሙያ ይዞ መጥቶ ማሽኑን ከፈቱት። በሆዱ ውስጥ በአረንጓዴው ቦርድ ላይ ነጭ የደረቀ ነገር ተንጠባጥቧል። የውሃ እድፍ። እኔ እንኳ አወቅሁት።

አቶ ፋንታሁን አክስቴን፣ "እመቤት፣ ውሃ ነክቶታል?" አላት።

"መብራት ነው" አለች።

ወደ እኔ ዞረ። "አንቺስ? እዚህ ነበርሽ?"

ጫማዬን አየሁ። ነበርሁ እንኳ አላልሁትም።

እሱም አላስጨነቀኝም። ውሉን አወጣና ለአክስቴ አነበበላት። የመብራት መለዋወጥ ጉዳት የሚከፈለው ማሽኑ በስታብላይዘር ሲሠራ ብቻ ነው። የእኛ ስታብላይዘር ከተቃጠለ ቆይቷል፤ አክስቴ ክረምት ላይ እገዛለሁ ስትል ነበር። ስለዚህ በመብራት ከሆነ ምንም አይከፈላትም። ሳይታሰብ ውሃ ቢፈስበት ግን ይከፈላል።

የአያ የሻው የስፌት መኪና ከጎን ትሰማ ነበር።

አሁን ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተናገረችም። ምናልባት በሰው ፊት ዋሽቼ ነበር ማለቱ ከበዳት፤ ምናልባትም የአባ ነገር ነው። አቶ ፋንታሁን ወረቀቱን አጠፈ። ለጊዜው ምንም እንደማይጽፍ፣ ለሥራ ወደ ደባርቅ ወጥቶ እንደሚመለስ፣ እስከዚያ ቢያስቡበት ጥሩ እንደሆነ ተናገረ። ሲወጣ ለእኔም ራሱን ነቅነቅ አደረገልኝ። ያ ነው የባሰብኝ።

ግንቦት 29

ላሚኔሽንና ጥረዛ ብቻ እየሠራን ነው። ሌላ ቤት ያሳተሙትን እኛ ጋ ያስጠርዛሉ። አክስቴ ሽፋኑን ስትለጥፍ የሌላውን ቤት ኅትመት በጣቷ ዳበስ እያደረገች ታያለች።

መናገር ነበረብኝ። ብናገር ደግሞ እሷን ማዋረድ ነው። ሁለቱንም እያሰብሁ ሙጫውን ደፋሁ።

ሰኔ 2

የሐዋርያት ጾም ገባ።

ከምሳ በኋላ አክስቴ ከአባቴ ጋር በስልክ ስታወራ ሰማሁ። ልሰማ ብዬ አይደለም፣ መጋረጃው ስስ ነው። "ይቺን ልጅ ምን ላድርጋት? እዚህ ዝም ብላ መዋሏ አልሆነም" አለች። ከዚያ "ክረምቱ ሳይገባ መቁረጥ አለብን" አለች። የቀረውን አልሰማሁም፤ ወደ ውጭ ወጣሁ።

እውነቷን ነው። ማሽን ከሌለ እኔ ምን እሠራለሁ? የምበላው ብቻ ነው። ድብ ባሕር ያለችው ጓደኛዬ ባለፈው ጥር ተዳረች። እኔንም የጠየቀ ሰው እንዳለ እናቴ ባለፈው በስልክ እየሳቀች ነግራኛለች። እኔ አልሳቅሁም።

ሰኔ 4

ዛሬ ያደረግሁትን እንዴት እንዳደረግሁት አላውቅም።

ጾም ስለሆነ ቅዳሴው ከሰዓት በኋላ ነው። አክስቴን ላስቀድስ ልሂድ ብያት ወጣሁ። ሕዝቡ ሲበተን አባ ወልደኢየሱስ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ የወይራ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀል ተሳልሜ መሄድ ነበረብኝ፤ አልሄድሁም። ቆምሁ። "ልጄ፣ ምነው?" አሉኝ። ጆሯቸው ስለማይሰማ ቀስ ብሎ መናገር አይቻልም። ጮኼ ነው የነገርኋቸው፤ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ሰማ።

እስክጨርስ ሰሙኝ። ፊታቸው ትንሽ ጨለመ። ቅር ብሏቸዋል ብዬ ወደ መሬት አየሁ።

"ታዲያ ምነው ሳትነግሩኝ?" አሉ።

"እንዳይከፋዎ ብላ ነው፣ አባ። ደግሞ ጠበል አበላሸ ማለት ኃጢአት ነው ብላ።"

"ጠበሉ ለሰው ነው፣ ልጄ። ብረት ምን በድሎ ይጠመቃል? እኔም ሽማግሌው ሳላስብ ደፋሁት።" ከዚያ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ እያለቀሱ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ነው። "ጮኸ አልሽ? እኔ እኮ ምንም አልሰማሁ።"

የኢንሹራንሱን ሰው ራሳቸው እንደሚያነጋግሩት ነገሩኝ። ወደ ቤት ስመለስ ዝናብ መታኝ፤ አልታወቀኝም።

ሰኔ 6

አባ ጠዋት ጥላቸውን ይዘው ሱቁ በር ላይ ቆሙ። አክስቴ አየቻቸው፣ እኔን አየችኝ፣ ገባት። ነጠላዋን አነሣችና ሦስታችን ወጣን።

ኢንሹራንሱ ቢሮ ስንገባ ሠራተኞቹ ሁሉ ተነሥተው መስቀል ሊሳለሙ መጡ፤ ወረፋ የያዙትም ሰዎች ተከተሉ። ሥራው ለጥቂት ጊዜ ቆመ። አቶ ፋንታሁን ከደባርቅ ተመልሷል። እሱም ተሳልሞ ተቀመጠ፤ አባ፣ "ጻፍ" አሉት፣ ልክ እንደ ተማሪያቸው። እሳቸው እንደደፉት፣ በእፍኝ እንደሆነ፣ ማንም ክፉ አስቦ እንዳላደረገው ተናገሩ። አቶ ፋንታሁን ጻፈ። "አባ፣ ምን ያህል ውሃ ይሆናል?" ብሎ ሲጠይቃቸው እጃቸውን ዘርግተው አሳዩት። እሱም የእፍኙን መጠን እያየ ሳቁን መዋጥ አቃተው።

ከዚያ አክስቴ ተናገረች። "መብራት ነው ያልሁት እኔ ነኝ። ውሸት ነበር" አለች። አቶ ፋንታሁን የፊተኛውን ቅጽ ገና ወደ ላይ እንዳላስተላለፈው፣ በአዲስ እንድትሞላ እንደሚፈቅድላት፣ ሁለተኛ ግን እንዲህ እንዳታደርግ ነገራት። እንደ ልጅ ራሷን ነቀነቀች።

በመንገድ ላይ ትቆጣኛለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ዝናቡ ሲጀምር ነጠላዋን አጋራችኝ። እስከ ቤት ተጠጋግተን ሄድን።

ሰኔ 12

መልስ የለም። አያ የሻው፣ "እንግዲህ አባ ምስክር የሆኑለት ማሽን በጎንደር የመጀመሪያው ነው" ይላል።

ሰኔ 19

ተፈቀደ!

ግን መምረጥ አለባት። ማስጠገን ትችላለች፤ ወጪውን እነሱ ይችላሉ። ቦርዱ ከአዲስ አበባ ስለሚመጣ ሰኔ አልቆ ሐምሌም ይጋመሳል፤ እንደ ዱሮው ለመሆኑም ባለሙያው አይምልም። ወይም ማስተካት ትችላለች። ያን ጊዜ አሮጌውን እነሱ ይወስዱታል፤ የሚሰጧት ግን ያገለገለበት ዘመን ተቀንሶ ነው። ዕቃ በተወደደበት በዚህ ጊዜ ያ እንዲህ ያለ ትልቅ አይገዛም። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠውን ትንሹን ነው የሚገዛው። ትንሹ ቶሎ ይገኛል፤ ለቀሩት ተማሪዎች ይደርሳል።

ትንሹን አንድ ሰው ተቀምጦ ያሠራዋል። ከኋላ የሚቆም ሰው አያስፈልገውም።

የሰፈሩ ሰው ሁሉ አዲስ ውሰጂ ይላታል። ያንን የጮኸውን ምን ታደርጊዋለሽ ይሏታል።

ማታ አክስቴ ሰሃን እያጠብሁ ሳለ ጠየቀችኝ። "አንቺስ የቱ ይሻላል ትያለሽ?"

ማንም እንዲህ ያለ ነገር ጠይቆኝ አያውቅም። ይጠገን ማለት ፈለግሁ። ግን ለምን እንደፈለግሁ አውቃለሁ፤ ለራሴ ነው። ስለ እኔ ብላ የዚህን ሰሞን ሥራ ሁሉ ታጣለች እንዴ? ስለዚህ፣ "አዲሱ ይሻላል" አልሁ።

"እንደሱ ነው?" አለች። የታጠበውን ሰሃን ደርድራ፣ "እሺ" አለች፣ ወደ ውስጥ ገባች። ደስ ይላታል ብዬ ነበር።

ሰኔ 22

አልፈረመችም። ለምን እንደምትዘገይ አይገባኝም፤ ሰው ይጠብቃታል።

ልብሶቼን ቦርሳዬ ውስጥ አጣጥፌ አስቀመጥሁ። በድንገት ሂጂ ስባል እንዳላስቸግር ብዬ ነው። መደርደሪያው ባዶ ሲሆን ክፍሉ ሰፊ ሆነ።

ሰኔ 24

ዛሬ ምንም አያስደስታትም። ሙጫውን አልከደንሽም አለችኝ፤ ከድኜ ነበር። መደርደሪያውን አይታ፣ "ልብስሽስ?" አለችኝ። "አጥፌ አስቀምጬዋለሁ" አልሁ። ሌላ አልጠየቀችኝም። እራት አልበላችም፤ ጨጓራዬ ነው አለች።

ከሰዓት ለአያ የሻው፣ "መሄድ የፈለገን ሰው በማሽን አስሮ ማስቀመጥ ይቻላል እንዴ?" ስትለው ሰማሁ። እሱም ለአንድ ጊዜ እንኳ አልቀለደም። የትኛው ሠራተኛ ሊለቅባት እንደሆነ እንጃ። ሱቁ ውስጥ ያለነው እኛ ሁለታችን ብቻ ነን።

ሰኔ 27

የዛሬውን አንድም ሳላስቀር ልጻፈው።

አቶ ፋንታሁን መጣ። ከዚህ በላይ ወረቀቱን ሊያቆየው አይችልም። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ሁለት ባዶ ሳጥን አለ፣ በአንዱ ምልክት ማድረግ ነው። አክስቴ እስክሪብቶውን ያዘች። "ይተካ" አለች፣ እኔን ሳታይ። "ልጅቱም አዲሱ ይሻላል ብላለች።"

አቶ ፋንታሁን እንዲሁ ለወሬ ያህል ወደ እኔ ዞሮ፣ "ትንሹን ትወጃታለሽ፤ አታደክምም" አለኝ።

ጫማዬን ማየት ልጀምር ነበር። ከዚያ ግቢው ውስጥ ለአባ የጮህሁት ትዝ አለኝ። ጮኼ ነበር፤ ምንም አልሆንሁም።

"እኔ አልሠራባትም" አልሁ። "ትንሹ ከመጣ እኔ ወደ ድብ ባሕር እመለሳለሁ።"

አክስቴ እስክሪብቶዋን አቆመች። "ማን ሂጂ አለሽ?"

"እርስዎ ለአባቴ በስልክ ሲሉት ሰማሁ። ዝም ብላ መዋሏ አልሆነም፣ ክረምቱ ሳይገባ መቁረጥ አለብን አሉት።"

"የማታ ትምህርት!" ብላ ጮኸች። እንዲህ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። "የማታ ትምህርት ላስገባት ብዬ አባትሽን እየለመንሁት ነበር። ምዝገባው ክረምት ላይ ነው። እሱ ደግሞ ትመለስ፣ ትዳር ትያዝ እያለ አስቸገረኝ። አንቺ ይባስ አዲሱ ይሻላል አልሽኝ፣ ልብስሽን ሸከፍሽ። ቤቴ ሰልችቷት ነው፣ እንዴት በግድ አስቀራታለሁ ብዬ ይኸው ስንት ቀኔ።"

አቶ ፋንታሁን በጣም ጠቃሚ ነገር እንደጠፋው ሁሉ ቦርሳውን መፈተሽ ጀመረ።

"እስቲ አሁን ንገሪኝ" አለች አክስቴ። "የሰውን ትተሽ የራስሽን።"

"ይጠገን" አልሁ።

"የምረቃው ሰሞን ያልፈናል።"

"ያልፈናል። ግን ትልቁ ብዙ ይሠራል። እኔም ከሥራ በኋላ እማራለሁ።" ከዚያ አለቀስሁ።

ምልክቱን አደረገች። አቶ ፋንታሁን ወረቀቱን ሲያጥፍ፣ "እንግዲህ እናንተ ቤት ትክክለኛው ነገር የሚነገረው በሁለተኛው ዙር ነው" አለ። አክስቴ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች።

ሐምሌ 3

ከአባቴ ጋር በስልክ ተጨቃጨቁ። መጨረሻ ላይ ስልኩን ለእኔ ሰጠችኝ። "አባቴ፣ መማር እፈልጋለሁ" አልሁት። "አንድ ዓመት ይሁን፤ ከዚያ እናያለን" አለ። አንድ ዓመት! አክስቴ ዓመቱ ሲደርስ ሌላ እንለምናለን ትላለች።

ሐምሌ 8

ተመዘገብሁ። ሰባተኛ ክፍል። ከእኔ የሚበልጡ ሴቶችም አሉ፤ አንዷ ልጅ አዝላ ነው የተመዘገበችው።

ሐምሌ 17

ቦርዱ ከትናንት ወዲያ ገባ። ዛሬ ባለሙያው ገጠመው። ሲበራ አክስቴ ወደ ኋላ ሸሸች፣ እኔ አልሸሸሁም። ሠራ። ግን በወረቀቱ በቀኝ ጥግ ላይ ቀጭን ግራጫ መስመር ይጥላል። ባለሙያው እሱ እንደማይጠፋ ነገረን። አክስቴ ትንሽ ከፋት። ለሚመጣ ሰው ሁሉ አስቀድመን እንንገር ብላ ወሰነች፤ የመጣው ይምጣ አለች።

ከሰዓት እሷ ስታብላይዘር ልትገዛ አራዳ ወጣች። በክረምት የሚማሩት መምህራን መግባት ጀምረዋል። አንድ መምህር ጃንጥላውን እያራገፈ ገባ፤ ጠጉሩ ሸበት ያለ፣ ከሩቅ እንደመጣ ጫማው የሚናገር። ወዲያ ወዲህ አየና፣ "የቤቱ ባለቤት የለችም?" አለኝ።

"የለችም። እኔ አለሁ" አልሁት። ከዚያ ሳልቆም፣ ማሽናችን የተጠገነ መሆኑን፣ ጥግ ላይ መስመር እንደሚያወጣ፣ ካልወደደው ከፍ ብሎ ሌላ ቤት እንዳለ ነገርሁት።

"ጽሑፉ ይነበባል?" አለኝ።

"በደንብ ይነበባል።"

አንድ ገጽ አውጥቼ አሳየሁት። ወደ በሩ ብርሃን ወስዶ አየው፣ መነጽሩን ገፋ አድርጎ መስመሩን ፈለገ። አግኝቶትም ሳቅ አለ። ከዚያ ፍላሹን ሰጠኝ።